እርማት፦ የፎቶን ጀርባ የሚያደበዝዘው ርቀት ነው

ወንድሜ፣ በመስከረም ወደ አንኮበር ወርደው ትንንሽ ዘማሪ ወፎችን በአደይ አበባ ቢጫ ላይ ፎቶ ማንሳት ለሚፈልጉ የሰጠኸው ምክር ደግ ነው፤ አንድ ነገር ግን ይታረም። «ጀርባው እንዲደበዝዝ እስከ 2.8 የሚከፈት ውድ ሌንስ ግድ ነው» ብለሃል፤ 2.8 የአፐርቸር፣ ማለትም የሌንሱ ብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳ፣ ልክ ነው፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል፤ ትክክል ግን አይደለም።

በ300 ሚሊሜትር ሌንስ፣ አፐርቸሩ 5.6 ሆኖ፣ ወፏ 5 ሜትር ላይ ብትሆንና አበባው ከኋላዋ 1 ሜትር ብቻ ቢርቅ አንድ በአንድ ይለያል። ያው አበባ 20 ሜትር ሲርቅ ድብዘዛው ወደ አምስት እጥፍ ያድጋል። ከ5.6 ወደ 2.8 መክፈት የሚጨምረው ግን እጥፍ ብቻ ነው፤ ያውም በዚህ ርቀት ጥርት የሚለው ጥልቀት 5 ሴንቲሜትር ገደማ ስለሚሆን ዓይኗ ጠርቶ ጭራዋ ሊደበዝዝ ይችላል።

ለዚህ ደግሞ ሰሜን ሸዋ የታደለ አገር ነው! ገደል አፋፍ ላይ ያለ ቁጥቋጦ ፈልጉ፤ ቢጫው ተዳፋት ከማዶ ይሁን። ዝቅ ብላችሁ በወፏ ዓይን ልክ አንሱ፤ ቁልቁል ከተነሳ ጀርባው ቅርቡ መሬት ይሆናል። አንዳንዶች አበባ ቀጥፈው ጎጆዋ አጠገብ የሚተክሉትማ ፈጽሞ አይደረግ፤ ጫጩቶቿን ጥላ ልትሄድ ትችላለች።