ለተከበሩ አቶ ግሬሊን፤ አድራሻ፦ ጨጓራ፣ የላይኛው ፎቅ

ጉዳዩ፦ በጾም ቀን ስለሚደወል ደወል

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ሰዓት አክባሪነትዎን ሳላደንቅ ባልፍ ኅሊናዬ ይወቅሰኛል። እኛ ጎንደር ውስጥ ውኃ የምናገኘው በፈረቃ ነው፤ ፈረቃው የየትኛው ሰፈር እንደሆነ ግን ቧንቧው ራሱ የሚያውቅ አይመስለኝም። ስብሰባ በ3 ሰዓት ከተጠራ በ4 ሰዓት የደረሰው ሰው ቀድሞ እንደመጣ ተቆጥሮ ወንበር ሲደረድር ይገኛል። እርስዎ ብቻ ከቀኑ 6 ሰዓት ሲሆን ከተፍ ይላሉ። ሁዳዴ ነው ቢባሉ፣ ቅዳሴው የሚወጣው 9 ሰዓት ነው ቢባሉ፣ መስሚያዎ ጥጥ ነው።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ ለማያውቁዎት ላስተዋውቅዎ። ረኃብ የሚቀሰቅሱ ሆርሞን ነዎት፤ ከአንድ የሰውነት ክፍል ተነሥተው፣ በደም ተሳፍረው፣ ሌላው ክፍል ድረስ ትእዛዝ የሚያደርሱ መልእክተኛ። የሚመነጩት በዋናነት ከጨጓራ ሲሆን የሚያመለክቱት አንጎል ውስጥ ሃይፖታላመስ ለሚባለው ሹም ነው። የምግብ ሰዓት ሲቃረብ በደም ውስጥ ይበዛሉ፤ ሰው ሲበላ ይቀንሳሉ። ዛሬም በፋሲል ግቢ በቆመው የአፄ በካፋ የግብር አዳራሽ መሳፍንቱ ብርንዶ ሲቆርጡ፣ ከእልፍኝ አስከልካዩ ቀድመው ጥሪ ያስተላለፉት እርስዎ ነበሩ። ግብር ያበላው ንጉሥ እንኳን ስምዎን ሳያውቅ አለፈ። መታወቂያ ያወጡት ገና እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ያውም ጃፓን ሄደው፣ ኮጂማና ካንጋዋ የተባሉ ተመራማሪዎች ከአይጥ ጨጓራ ውስጥ ፈልገው ካገኙዎት በኋላ።

ወደ ክሱ ልግባ። ባለፈው ሁዳዴ አንድ ረቡዕ ቅዳሴ ላይ ቆሜያለሁ። ዲያቆኑ «ለጸሎት ተነሡ» ብሎ ሕዝቡ ጸጥ እንዳለ ሆዴ ዜማውን ጀመረ። በዝግታ ተነሣ፣ መሐል ላይ ከፍ አለ፣ መጨረሻው ላይ ጥያቄ በሚመስል ድምፅ ተቋጨ። ከጎኔ መቋሚያ ተደግፈው የቆሙ እማማ ዘወር ብለው አዩኝና በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ሸፍነው «ልጄ፣ ገና ወንጌል እንኳን አልተነበበም እኮ» አሉኝ። ባዶ ሆድ የሚያስጮኸው እርስዎ ብቻ እንዳልሆኑ፣ ሞቲሊን የሚባል ሌላ ሆርሞንም እጁ እንዳለበት አውቃለሁ። እማማ ዘንድ የተከሰስኩት ግን እኔ ነኝ።

ጩኸቱንስ እችለው ነበር። የማልችለው ውሸቱን ነው። ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምሱ በዋሉ ሰዎች ላይ በተደረገ ጥናት፣ የተለመደው የምግብ ሰዓት ሲደርስ ከፍ ብለው፣ ማንም ምንም ሳይጎርስ፣ ቆይተው በራስዎ ዝቅ ሲሉ ታይተዋል። እንግዲህ 6 ሰዓት ላይ «ስንቅ አለቀ» እያሉ የሚያውጁት ጎተራውን አይተው አይደለም፤ ሰዓቱን አይተው ነው። ጎተራውማ ሙሉ ነው፣ ቀበቶዬ ይመስክር። በዚህ ሰዓት መብላት ስለለመድኩ ብቻ መጥተው በሩን ይደበድባሉ። ካልተከፈተልዎት ደግሞ ሳይሰናበቱ ይሄዳሉ፤ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ብፈልግዎት የሉም። ያን ሁሉ አቤቱታ ያሰሙት ባለጉዳይ የት ገቡ? (የጎንደር ጿሚ ይህን ያለ ላቦራቶሪ ያውቀዋል። ዘወረደ ላይ ዓይኑ የዞረበት ሰው ደብረ ዘይት ሲደርስ እንደ ልቡ ይራመዳል።)

ቂመኛም ነዎት። ሰው ክብደት ልቀንስ ብሎ ከሚበላው ቢያጎድል፣ ኪሎው ሲወርድ የእርስዎ መጠን ከቀድሞው ይጨምራል፤ የተወሰደ ርስት ያስመልሱ ይመስል። እንቅልፍ ያጣ ሰው ላይም እንደሚበረቱ ያሳዩ ጥናቶች አሉ። ገሃድን ጾሞ፣ ፋሲለደስ መዋኛ ዙሪያ ሲዘምር አድሮ ታቦት የሸኘ ምእመን፣ የጥምቀት ዕለት ድፎውን ገና ሳይባረክ በዓይኑ የሚቆርሰው ስግብግብ ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ እኚህ ሰውዬ ናቸው።

ባልደረባዎ ሌፕቲን ለምን እንደማይመልስዎት ጠይቄ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 በጄፍሪ ፍሪድማን ቡድን የተገኘው ይህ ሆርሞን የሚወጣው ከስብ ሲሆን «ስንቅ አለን፣ ተረጋጉ» ብሎ ለዚያው ለሃይፖታላመስ ሪፖርት ያደርጋል። ጨዋ ሠራተኛ ነው፤ ችግሩ የሚሰማው ማጣቱ ነው። ስብ ሲበዛ ሪፖርቱም ይበዛል፣ ሪፖርቱ ሲበዛ አንጎል ችላ ማለት ይጀምራል። በር የደበደበው ቀድሞ ይስተናገዳል፣ በአግባቡ ያመለከተው ኮሪደር ላይ ይቀመጣል። ይህን አሠራር ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደቀዳችሁት አልጠይቅም።

እንዳላባርርዎት ደግሞ ላም እሳት ወለደች ሆኖብኛል፤ እንዳትልሰው ፈጃት፣ እንዳትተወው ልጅ ሆነባት። የሚሠራ ግሬሊን እንዳይኖራቸው የተደረጉ አይጦች ምግባቸው ለቀናት እጅግ ሲቀነስባቸው የደማቸው ስኳር ለሕይወት በሚያሰጋ ደረጃ ወርዷል። ለካ በረኃብ ጊዜ የእድገት ሆርሞንን ቀስቅሰው ስኳሩን ደግፈው የሚያቆዩት እርስዎ ነዎት። ክፉ ቀን ያየ አገር ሰው ይህን አይንቅም፤ እኔም አልናቅኩም።

ስለዚህ የምጠይቀው ስንብት ሳይሆን ዝውውር ነው። ከዘወረደ ሰኞ እስከ ስቅለት ደወሉ ከ6 ሰዓት ወደ 9 ሰዓት እንዲዛወርልኝ፣ ከፋሲካ ሌሊት ጀምሮ ደግሞ ያለ ሰዓት ገደብ እንዲሠሩ ተፈቅዶልዎታል።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሃይፖታላመስ፤ ይህ ደብዳቤ ሳይነበብ ምንም ትእዛዝ እንዳይፈጸም።
ለሌፕቲን፤ እንዲያውቀው ያህል።
ፒያሳ ለሚገኘው ዳቦ ቤት፤ በጾም ወራት ትኩሱ ዳቦ ከምድጃ የሚወጣበትን ሰዓት በተመለከተ በአካል ቀርቤ እነጋገራለሁ፤ ከ9 ሰዓት በኋላ።