ለመኝታ ለየብቻ፣ ለጥናት በጋራ

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ የጓደኛዬ ስልክ ትራሱ ሥር ይንዘረዘራል። ድምፁን አጥፍቶታል፤ ለእኔ አዝኖ ነው። መብራት አያበራም። ሸሚዙን በዳበሳ ይለብስና ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ መታጠቢያ ክፍሉ ይገባል። ወዲያው በበሩ ሥር ቀጭን ብርሃን ይወጣል፤ ከብርሃኑ ጋር ሹክሹክታ አለ። «የኦክስጅን ጭንብል አጥልቅ፤ ግንኙነት አረጋግጥ…» የአውሮፕላኑ የውስጥ የአየር ግፊት ድንገት ሲወርድ በቃል ተይዘው የሚፈጸሙትን እርምጃዎች ለራሱ እየደገመ ነው። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ አብሬው እደግማለሁ፤ እንቅልፌ እንደሆነ ሄዷል። እርሱ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ገለጻ፣ 9 ሰዓት ላይ ሲሙሌተር (በረራን አስመስሎ የሚያለማምድ ማሽን) አለበት። የእኔ ትምህርት የሚጀምረው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ሁለታችንም የአንድ አየር መንገድ አዲስ ቅጥር አብራሪዎች ነን፤ በአልጋዎቻችን መካከል ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም።

ከዚያ ወዲህ ዓመታት አልፈዋል። አሁንም ሥልጠና ላይ ያለ አዲስ ቅጥር ሳገኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነው የምትተኛው?» ብዬ ነው። ቀጥሎ «ከማን ጋር ነው የምታጠናው?» እላለሁ። ለመጀመሪያው የማገኘው መልስ ብዙ ጊዜ «ከአንድ ልጅ ጋር» ሲሆን ለሁለተኛው ደግሞ «ብቻዬን» ነው። ነገሩ የተገለበጠ ይመስለኛል። ለብቻ መሆን የነበረበትን መኝታ የጋራ፣ የጋራ መሆን የነበረበትን ጥናት የግል አድርገነዋል።

ለጉዳዩ ሩቅ ለሆነ አንባቢ ጥቂት ልበል። አዲስ ቅጥር አብራሪ መብረር ያውቃል። ፈቃድ አለው፤ አንዳንዱ ከሌላ ድርጅት በሺህ የሚቆጠር የበረራ ሰዓት ይዞ ይመጣል፣ አንዳንዱ ከማሠልጠኛ ትምህርት ቤት በቀጥታ ይገባል። የሚቀረው የዚያን አውሮፕላን ዓይነት ለማብረር የሚያበቃው ማረጋገጫ (በሙያው አነጋገር ታይፕ ሬቲንግ) እና የድርጅቱ የራሱ አሠራር ነው። በበረራ ደንብና በደኅንነት ትምህርት ይጀመራል። ቀጥሎ ሃይድሮሊኩ፣ ኤሌክትሪኩ፣ ነዳጁ፣ የአየር ግፊቱ ይመጣል። ከዚያ በማይንቀሳቀስ መለማመጃ ላይ አሠራር ይጠናል፤ ከዚያ በእግሮቹ ላይ የሚወዛወዘው ሙሉ ሲሙሌተር፣ ከዚያ ፈተና። ፈተናውን ያለፈ ሰው ተሳፋሪ በያዘ መደበኛ በረራ ላይ ከአሠልጣኝ ካፒቴን ጎን ተቀምጦ ይለማመዳል። ይህ ሁሉ ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ይወስዳል፤ ብዙው ሠልጣኝ ደግሞ ጊዜውን የሚያሳልፈው ከቤቱ ርቆ ነው።

ሲሙሌተር ውድ ማሽን ስለሆነ ሥራ ፈቶ እንዲቆም አይፈለግም፤ ሌት ተቀን ይሠራል። አንድ ክፍለ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 4 ሰዓት ነው። ሁለት ሠልጣኞች ይገባሉ፤ አንዱ ሲያበር ሌላው ይከታተላል፣ በመካከሉ ይቀያየራሉ። ከፊቱ ገለጻ፣ ከኋላው ግምገማ አለ። የሌሊቱ ፈረቃ የሚደርሰው ሰው አይጠፋም፤ ይህን አልቃወምም። አብራሪ ነገ ሌሊት መብረሩ አይቀርለትም። የምቃወመው ሌሊቱን ሙሉ ሞተር ሲጠፋበትና እሳት ሲነሣበት ያደረ ሰው ቀን የሚተኛበት ጨለማና ጸጥታ ማጣቱን ነው።

የጓደኛዬን ሁኔታ እንቁጠረው። ግምገማውን ጨርሶ የሚወጣው ጠዋት 2 ሰዓት ነበር፤ የሚቀጥለው ገለጻ ደግሞ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ነው። በሰንጠረዡ ላይ 18 ሰዓት ዕረፍት አለው። ቆንጆ ቁጥር ነው! ነገር ግን ረፋድ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ በር ታንኳኳለች። ከሰዓት በኋላ እኔ ከክፍል እመለሳለሁ፤ ቦርሳዬን አስቀምጣለሁ፣ ወንበር እስባለሁ፣ የማነበው ስላለብኝ የጠረጴዛ መብራት አበራለሁ። እርሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል። ሁለታችንም ይቅርታ እየተጠያየቅን እንውላለን። ከ18ቱ ሰዓት በእውነት የተኛው ስንቱን እንደሆነ በየትኛውም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት በአባሪ 6 ላይ ሥራ ማለት ምን እንደሆነ ሲተረጉም ድካም ሊያስከትል የሚችልን ሥልጠናም ከበረራው ጎን ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሠልጣኙ እንደ ሠራተኛ ማረፍ ይገባዋል። በወረቀት ላይ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል፤ የዕረፍቱ ክፍል በር ግን የአሠሪው ዓይን የሚደርስበት ቦታ አይደለም።

እንቅልፍን እንደ ምቾት የሚቆጥር ካለ ደግሞ ይህን ይስማ። እ.ኤ.አ. በ1997 ዳውሰን እና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት 17 ሰዓት ያህል ሳይተኛ የቆየ ሰው የአእምሮና የእጅ ቅንጅት፣ በደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው ጋር ተስተካክሎ ተገኝቷል። በብዙ አገሮች ይህ መጠን መሪ ከመጨበጥ ያስከለክላል። ሰካራም ሠልጣኝ ሲሙሌተር ውስጥ ቢገባ አስተማሪው በሩን ያሳየዋል፤ ያልተኛው ግን ይፈተናል፣ ውጤቱም በስሙ ይመዘገባል። በዚያ ላይ ቀን በእጅ የተለማመዱት ነገር ሥር የሚሰደው በእንቅልፍ ነው። ሞተር ከመነሣቱ በፊት እጅ በላይኛው ፓነል (ከአብራሪው ራስ በላይ ባለው የቁልፎች ሰሌዳ) ላይ በቅደም ተከተል የሚጓዘውን ጉዞ፣ ፍሎው የሚሉትን፣ ሃምሳ ጊዜ ደጋግሞ ያልተኛ ሰው ድካሙ ግማሹ በከንቱ ቀርቷል።

አብራሪው የት ተኛ የሚለው ጥያቄ ከአደጋ በኋላ ሲጠየቅ እናውቃለን። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2009 የኮልጋን ኤር በረራ 3407 በአሜሪካ ቡፋሎ አቅራቢያ ተከስክሶ 50 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ የሁለቱን አብራሪዎች ያለፉ ሌሊቶች አንድ በአንድ ተከታተሉ። ካፒቴኑ በአውሮፕላን ማረፊያው የሠራተኞች ማረፊያ ክፍል ውስጥ አድሯል፤ ረዳት አብራሪዋ ሌሊቱን ከአገሪቱ ሌላ ዳርቻ ስትጓዝ ነበር። ድካም የአደጋው ዋና ምክንያት ተብሎ አልተመዘገበም፤ መርማሪ ቦርዱ ግን ብቃታቸውን ሳይቀንሰው አልቀረም ብሏል። የአገሪቱ የሥራና የዕረፍት ደንብም ከዚያ በኋላ ተለውጦ እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ ዋለ። ይህን ጥያቄ ሬሳ ሳይለቀም፣ ሰውየው ገና ሥልጠና ላይ እያለ ብንጠይቀው ምን ይጎድልብናል?

«እኛም እንዲሁ ነው ያለፍነው» የሚሉ አንጋፋዎች አሉ። እውነታቸውን ነው፤ አልፈዋል። ያላለፉት ግን ይህን ለመናገር ክፍሉ ውስጥ የሉም። ሌሎች ደግሞ ክፍል መጋራት ወዳጅነት ያመጣል ይላሉ። እኔና ያ ጓደኛዬ ዛሬም ወዳጆች ነን፤ ወዳጅነታችን የመጣው ግን በማንኮራፋቱ አይደለም። የቀረው ክርክር የገንዘብ ነው፤ እርሱም የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። አንድ ሠልጣኝ አንድ ክፍለ ጊዜ ሲደግም ማሽኑ፣ አስተማሪውና አብሮት የሚሠለጥነው ጥንዱ ሦስቱም ተይዘው ይቆያሉ። የሆቴል ክፍል ከሲሙሌተር ሰዓት ጋር ለውድድር የሚቀርብ ወጪ አይደለም።

አሁን ወደ ጥናቱ። እኔ ብቻዬን ባጠናሁባቸው ሳምንታት ራሴን ጎበዝ አድርጌ ነበር የማየው። መጽሐፉን ከፍቼ አነባለሁ፣ እዘጋለሁ፣ በልቤ እደግማለሁ፣ ይወጣልኛል። ሲሙሌተር ገብቼ ጎኔ ያለው ሰው «ፍላፕ አንድ» (የክንፉን ተዘርጊ ክፍል አንደኛው ደረጃ ላይ አድርግ ማለቱ ነው) ሲል ግን አፌ ተያዘ። መልሱ ጠፍቶኝ አይደለም፤ ከሌላ ሰው ድምፅ ቀጥሎ ሲመጣ ሰምቼው ስለማላውቅ ነው። የአየር መንገድ ኮክፒት፣ የአብራሪዎቹ ክፍል፣ የሁለት ሰው ንግግር ነው። አንዱ ያዛል፣ ሌላው ፍጥነቱን አይቶ ይፈጽማል፣ ተመልሶ ይናገራል፤ ቃሉ የተቆጠረ፣ ተራው የታወቀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ናሳ ባዘጋጀው ዐውደ ጥናት ላይ ዛሬ የአብራሪዎች የቡድን ሥራ ሥልጠና የምንለው ነገር ሲጠነሰስ መነሻው ብዙ አደጋዎች የሚደርሱት የመብረር ችሎታ ጎድሎ ሳይሆን ሰዎች ኮክፒት ውስጥ ባለመደማመጣቸው መሆኑ ነበር። ታዲያ ለብቻ አጥንቶ መደማመጥን ማን ይማራል?

እኛን ያዳነን ወረቀት ነው። የኮክፒቱ ሙሉ ሥዕል፣ እያንዳንዱ መብራትና ቁልፍ በየቦታው የታተመበት ትልቅ ወረቀት ከሥልጠና ክፍሉ ተሰጥቶን ነበር። ከአልጋዎቹ ፊት ግድግዳው ላይ በፕላስተር ለጠፍነው፤ የላይኛውን ፓነል ከበላዩ፣ ለእጅ በሚመች ከፍታ። ሁለት ወንበር ጎን ለጎን አደረግን። በመካከሉ አንድ በርጩማ አስገብተን ሁለት የውኃ ጠርሙሶች አቆምንበት፤ የሞተር ኃይል መቆጣጠሪያ እጀታዎች መሆናቸው ነው። አላፊ አግዳሚ ቢያየን አብደዋል ይለን ነበር። ጓደኛዬ የግራውን ጠርሙስ ቀስ ብሎ ይስባል፣ እኔ እጄን የታተመው የእሳት ማጥፊያ እጀታ ላይ አድርጌ «አንደኛ ሞተር፣ ይረጋገጥ» እላለሁ፣ እርሱ ጣቴ ያረፈበትን አይቶ «ተረጋግጧል» ይላል። አንድ ቀን ጣቴ በሁለተኛው ላይ አርፎ ኖሮ ዝም አለኝ። ዝምታው ገባኝ። ብቻዬን ብሆን ኖሮ የሚሠራውን ሞተር ስዘጋ ማንም አያየኝም ነበር።

ስለዚህ የሲሙሌተር ጥንድ የሚታወቀው ሲሙሌተሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው መሆን የለበትም። ከመጀመሪያው ሳምንት ይታወቅ፤ ጥንዶች በአንድ ፎቅ፣ ጎን ለጎን በሆኑ የተለያዩ ክፍሎች ይደሩ፤ ከመኝታ የተለየ፣ ሌሊትም የማይቆለፍ የጥናት ክፍል ይኑር። ግድግዳ፣ ሁለት ወንበርና ወረቀት ይበቃዋል። ማሽን አያስፈልገውም።

የጋራ ጥናት የራሱ መርዝ አለው፤ ይህን ደብቄ ማለፍ አልፈልግም። ከቀደመው ዙር ሠልጣኞች የሚወረስ ማስታወሻ በየክፍሉ ይዘዋወራል፦ ፈታኙ የሚጠይቀው ይህ ነው፣ ይህን አትልፉ፣ ያንን ተዉት። የአየር መንገድ መመሪያ በየጊዜው ይሻሻላል፤ ማስታወሻው ግን አይሻሻልም። በእኛ ዙር አንድ ገደብ ቁጥሩ ከተለወጠ ወራት አልፎት ሳለ አራት ሰዎች አሮጌውን ቁጥር በልበ ሙሉነት ተናግረዋል። ሁላችንም ከአንድ ወረቀት ነበር የቀዳነው። ከዚያ ቀን በኋላ በጥናት ክፍላችን ውስጥ ሕግ ሆነ፤ ማስታወሻ ይነበባል፣ ክርክር ሲነሣ ግን መመሪያው ይከፈታል፣ የተሻሻለበት ቀን ይታያል።

ሥልጠናው በሚሰጥበት ከተማ ቤት ያላቸውን ብዙዎች ይቀኑባቸዋል። እኔ አልቀናም። የራሱ አልጋ ላይ የሚተኛ ሰው በሩን የሚከፍት ሕፃን፣ የሚጠግነው ቧንቧ፣ የሚቀበለው እንግዳ አለው። በሲሙሌተሩ ሳምንታት እርሱም ክፍል ቢሰጠው ስጦታ አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደው ይህን የሚናገር አለመኖሩ ነው። አዲስ ቅጥር የሙከራ ጊዜ ላይ ነው፤ አንዳንዱ የሥልጠና ወጪ የሚያስመልስ ውል ፈርሟል። «አልተኛሁም» ማለት «አልችልም» ማለት ይመስለዋል። መስመር ላይ ያለ አብራሪ ደክሞኛል ብሎ በረራ መተው እንዲችል ብዙ ተደክሟል፤ ያ ሰው በመጀመሪያው ወሩ የሚማረው ግን ድካምን መደበቅ ከሆነ በኋላ ላይ ከየት አምጥቶ ይናገራል? ግምገማ ሲጀመር አስተማሪው «ስንት ሰዓት ተኛችሁ?» ብሎ ቢጠይቅና መልሱን ከውጤቱ ጎን ቢጽፈው፣ የክፍሉን ነገር አሠሪው ራሱ ይደርስበታል።

እኛን የጠየቀን አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ጓደኛዬ ቪ-ዋን (መነሣትን ማቋረጥ የማይቻልበት ፍጥነት) ላይ ሞተር ሲጠፋበት የሚረግጠውን ፔዳል ለሁለተኛ ጊዜ ተሳሳተና ክፍለ ጊዜውን እንዲደግም ተባለ። ያን ዕለት ጠዋት ተያይዘን ወደ ሥልጠና አስተባባሪዋ ሄድን፤ በመንገድ ላይ ማን ይናገር በሚለው ተከራክረን ነበር። እርሷ ሰምታን ሰንጠረዡን አወጣች፣ በእስክሪብቶ ሁለት ስሞች ከበበች፣ ስልክ ደወለች። ለየብቻ ክፍል መስጠት አልቻለችም፤ ሌሊት የሚሠሩትን ሁለት በአንድ ክፍል፣ ቀን የምንማረውን ሁለት በሌላ ክፍል አደረገችን። አሥር ደቂቃ አልፈጀም። «ለምን እስካሁን አልነገራችሁኝም?» አለችን፤ ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ወረቀቱን ከግድግዳው ስናነሣው ፕላስተሩ ቀለሙን ይዞት ተነሣ። በምሽቱ ጥናት ሰዓት ወንበሮቹንና ሁለቱን ጠርሙሶች ይዘን ኮሪደሩን አቋርጠን ወጣን።