ኪራይ ያፈናቀላት መርከብ

ደቡብ ፊላደልፊያ ያለው የቤት ዕቃ መደብር፣ አይኪያ፣ ሄዳችሁ የምታውቁ ሁሉ አይታችኋታል። ዕቃችሁን ጭናችሁ ስትወጡ፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ደላዌር ወንዝ ላይ ሁለት ግዙፍ የጭስ ማውጫዎች ተገትረው ይታዩ ነበር። ቀለማቸው ተላልጦ ቀዩ ሮዝ ሆኖ ነበር። እኔ መጀመሪያ ሳያት የተዘጋ ፋብሪካ መስላኝ ነበር።

ኤስ ኤስ ዩናይትድ ስቴትስ የምትባል የመንገደኞች መርከብ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ እዚያው ቆማ፣ በ2025 መጀመሪያ በጎታች ጀልባዎች ተስባ ወጣች። የተወሰደችው አላባማ ውስጥ ወዳለው የሞቢል ወደብ ነው። እዚያ ተጸድታ፣ ፍሎሪዳ ባሕር ውስጥ ሆን ተብሎ እንድትሰምጥ ታቅዷል። የዓሣ መኖሪያና የጠላቂዎች መዝናኛ ትሆናለች ማለት ነው።

ወሬው ሲሰማ ኢንተርኔቱ በለቅሶ ተሞላ። "ታሪካችንን እንዴት ያሰምጣሉ!" አሉ። ሰው ካልሞተ ወይ ካልሄደ አይመሰገንም የሚባለው ለመርከብም ይሠራል መሰለኝ።

ለነገሩ የሚያስለቅስ ታሪክ አላት። በ1952 የመጀመሪያ ጉዞዋ ላይ አትላንቲክን በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አቋረጠች። የእንግሊዞቹን መርከብ የኩዊን ሜሪን ክብረ ወሰን በ10 ሰዓት ገደማ አሻሻለች። ንድፏን የሠራው ዊልያም ፍራንሲስ ጊብስ እሳት በጣም ይፈራ ነበር። መርከቧ ላይ እንጨት የሚባል ነገር እንዳይገባ ከለከለ። ያመለጡት ፒያኖዎቹና ሥጋ ቤቱ ያለው መክተፊያ ጉማጅ ብቻ ናቸው ይባላል። በ1967 ሞተ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከሥራ ስትወጣ አለማየቱ ሳይሻለው አልቀረም። ሰው በጄት ሰዓታት ውስጥ አውሮፓ መድረስ ከጀመረ ማን ቀናት ባሕር ላይ ይከርማል?

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ባለቤት የመቀያየር ታሪክ ነው። አንዱ ይገዛል፣ ያቅዳል፣ ገንዘብ ያጥረዋል፣ ለሌላው ይሸጣል። በ1984 የቤት ዕቃዋ ሳይቀር በሐራጅ ተሸጠ። በ2011 አንድ በጎ አድራጎት ማኅበር ገዝቶ ከቁርጥራጭ ብረት ነጋዴዎች አዳናት። ሰብሳቢዋ የጊብስ የልጅ ልጅ ናት። በ2016 አንድ የመዝናኛ መርከብ ኩባንያ እንደገና ባሕር ላይ ላውጣት ብሎ ነበር። ወጪው እስከ 700 ሚሊዮን ዶላር ይደርሳል ተባለ። ከወራት በኋላ ተወው።

በመጨረሻ ያስወጣት ግን የቤት ኪራይ የሚከፍል ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። በ2021 የወደቡ ባለቤት ኪራዩን በእጥፍ ጨመረ፤ በቀን ከ850 ወደ 1,700 ዶላር። ማኅበሩ አልከፍልም አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ። ዳኛዋ በ2024 ጭማሪውን መክፈል የለባችሁም፣ ግን መርከቧን አንሡ ብላ ፈረደች። የተሰጣቸው 90 ቀን ነው። 302 ሜትር ርዝመት ያላትን መርከብ በ90 ቀን የት ትወስዳታለህ? አንድ የፍሎሪዳ አውራጃ በ1 ሚሊዮን ዶላር እንግዛት ሲል ሌላ ምርጫ አልነበረም።

እኔ አውራጃውን አልወቅስም። ቱሪስት ፈልጎ ነው፣ አልደበቀም። "አዲስ ሕይወት ታገኛለች" የሚለው ማስታወቂያ ግን ያናድደኛል። የምትሰምጥ መርከብ ሰመጠች ነው የሚባለው። ቢሆንም ተቆራርጣ በኪሎ ከምትሸጥ ይሻላታል።

የምወቅሰው የአሜሪካን መንግሥት ነው። ለግንባታዋ ከወጣው 78 ሚሊዮን ዶላር ውስጥ 50 ሚሊዮን ገደማውን የከፈለው እሱ ነው። ጦርነት ቢመጣ ከ14 ሺህ በላይ ወታደር እንድታጓጉዝ ብሎ። ጦርነቱ ሳይፈልጋት ቀረ፣ እሱም ረሳት። የአገሩን ስም ለጥፎባት የወደብ ኪራይ በመዋጮ እንዲከፈል መተው ምን ይባላል? ሙዚየም ማድረግ ከባድ መሆኑ አይጠፋኝም። ኩዊን ሜሪ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ሆቴል ሆና ቆማለች፣ ከተማው ግን ለጥገናዋ ሚሊዮኖች አፍስሷል። ዱባይ ያላችሁ ደግሞ ፖርት ራሺድ የቆመችውን ኩዊን ኤልዛቤት 2ን ታውቋታላችሁ። እሷም ሆቴል ሆና በሯን እስክትከፍት 10 ዓመት ያህል ፈጅቶባታል። ሁለቱንም ያቆያቸው ግን ፍቅር ሳይሆን የሚከፍል ሰው መኖሩ ነው።

ከሄደች በኋላ አንድ ቀን የመጻሕፍት መደርደሪያ ልገዛ አይኪያ ሄድኩ። ስወጣ እንደ ልማዴ ቀና አልኩ። ለካ ከወንዙ ማዶ ኒው ጀርሲ ይታያል።