«ትንሽ ጨምርልኝ»

ከድምፅ ማደባለቂያ ጀርባ በቆምኩባቸው ዓመታት «ድምፄን ቀንስልኝ» ያለኝ ሰው አላጋጠመኝም። ዘፋኙ ይጨመርልኝ ይላል፤ ጊታር ተጫዋቹ ይጨመርልኝ ይላል። ያለ ማይክሮፎን ሰፈር የሚያስነሳው ድራም መቺ እንኳ ይጨመርልኝ ይላል።

ማደባለቂያውን፣ ማለትም ሚክሰሩን፣ አይተው እንደ አውሮፕላን አብራሪ የሚያከብሩኝ አሉ። እውነቱን ለመናገር ባለ 32 ረድፍ ሚክሰር ማለት አንዱ ረድፍ 32 ጊዜ ተደጋግሞ ነው፤ አንዱን ያወቀ ከሞላ ጎደል ሁሉንም አወቀ። ይህን ግን ለማንም አልናገርም፤ የሚያስከብረኝ የቁልፉ ብዛት ነው። በየረድፉ አናት ላይ ጌይን የሚባል ክብ መቆጣጠሪያ አለ። ከማይክሮፎኑ የሚመጣውን ደካማ ድምፅ መጀመሪያ የሚያጎለብተው እሱ ነው። እዚያ ከልክ አልፎ የተሰነጣጠቀ ድምፅ፣ ታች ያለውን ፌደር፣ ማለትም ተንሸራታቹን የድምፅ መጠን መቆጣጠሪያ፣ ወደ ታች ቢጎትቱት ዝግ ብሎ የሚሰማ የተሰነጣጠቀ ድምፅ ይሆናል እንጂ አይጠራም። ከላይ የተበላሸ ከታች አይታረምም። ስለ ሚክሰር ነው የማወራው።

የሰው ሁሉ ዓይን ግን ፌደሩ ላይ ነው። በትልልቆቹ ሚክሰሮች 100 ሚሊሜትር ያህል ይንሸራተታል፤ ዜሮ የተጻፈበትም ከታች ሳይሆን የመንገዱ ሦስት አራተኛ ገደማ ላይ ነው። ትርጉሙም «የመጣልኝን ሳልጨምር ሳልቀንስ አሳልፋለሁ» ነው። ይህን አንድ አንጋፋ ዘፋኝን ለማስረዳት ሞክሬ ነበር።

«እኔን ዜሮ ላይ አስቀመጥኸኝ?»

«ጋሼ፣ እዚህ ላይ ዜሮ ጥሩ ነው።»

«ድራሙስ ስንት ላይ ነው?»

ድራሙ አሥር ላይ ነበር፤ ከዜሮ በታች አሥር። እሳቸው ያዩት አሥሩን ብቻ ነው። ጎንበስ ብለው የፌደሩን መጨረሻ ሲመረምሩ ደግሞ አንዲት የተኛች ስምንት አገኙ። ከፊቷ የመቀነስ ምልክት አለ፤ ወሰን የሌለው ቅነሳ፣ ማለትም ፍጹም ዝምታ ናት።

«ቢያንስ ስምንቷ ላይ አድርገኝ» አሉ።

አደረግኋቸው። ልምምዱ እስኪጀመር ድረስ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም።

ጭማሪውም ቢሆን ማለቂያ አለው። ከዜሮ በላይ የሚቀረው በአብዛኛው 10 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ) ነው። ለጆሮ እጥፍ ያህል መስሎ ለመሰማት ይህ ሁሉ ያስፈልጋል፤ ማጉያው ደግሞ ለዚያች እጥፍ አሥር እጥፍ ኃይል ይጠየቃል። ዘፋኙ ሲጨመርለት ጊታሩ ይዋጣል፤ ጊታሩ ሲጨመርለት ባሱ ይቆጣል፤ በመጨረሻ ማይክሮፎኑ ከድምፅ ማጉያው የወጣውን መልሶ እየሰማ አዳራሹን በፉጨት ይሞላዋል። ያን ጊዜ ሁሉም ጆሮውን ይዞ ወደ እኔ ይዞራል።

መድኃኒቱን ያገኘሁት ከቆየሁ በኋላ ነው። ምንም ያልተሰካበት አንድ ረድፍ እተዋለሁ። «ጨምርልኝ» የሚል ሲመጣ እያየኝ ያንን ፌደር በዝግታ፣ በጥንቃቄ፣ ከንፈሬን ነክሼ ከፍ አደርገዋለሁ።

«አሁን ገና ተሰማሁ!» ይላል። ጊታር ተጫዋቹ አንድ ምሽት በዚህ ረድፍ ሦስት ጊዜ አመስግኖኛል።

ባለፈው የዘፋኙ ድምፅ ጎርነን አለብኝና የቃና ማስተካከያዎቹን ይዤ ተቀመጥኩ። ወፍራሙን በትንሹ ቀነስኩ፣ ቀጭኑን ከፍ አደረግኩ፣ መካከሉን ወዲያና ወዲህ አልኩት። ሃያ ደቂቃ ያህል ከደከምኩ በኋላ ድምፁ እንደ ብርጭቆ ጠራልኝ፤ አጠገቤ የቆመውን ልጅ «ልዩነቱን ሰማህ?» አልኩት። «አዎ፣ በጣም!» አለኝ። ዕቃ ስንሰበስብ ነው የቃና ማስተካከያው ማብሪያ ጭራሽ እንዳልተጫነ ያየሁት።