ማንደጃዬ ሞተር ላይ ወጣ

ሰሞኑን ማንደጃ ሠራሁ። በገዛ እጄ። አገር ቤት ሳለሁ አንድም ቀን ከሰል አያይዤ የማላውቅ ሰውዬ፣ ቨርጂኒያ መጥቼ ማንደጃ ሠሪ ሆኜ አረፍኩት።

ነገሩን ያመጣው ሞተር ነው። አምና አንድ አሮጌ 650 ሲሲ ገዛሁ። እዚህ ባለሞተሮቹ ቅዳሜ ድንኳን ጭነው ተራራ ይወጣሉ፣ አድረው እሁድ ይመለሳሉ። እኔ ሞተር ሲባል ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። አዲስ አበባ ዕቃ ያደርሳል። ዝርፊያ በዛ ተብሎ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ከተማው ውስጥ እንዳይነዳ የታገደበት ጊዜም ነበር። ክፍለ ሀገር ደግሞ ሦስት ሰውና አንድ በግ ይጭናል። ለመዝናናት ብሎ ድንኳን የጫነበት ሰው ግን እኔ አላየሁም።

እኔም እንደነሱ ልወጣ አልኩና፣ የሚሸጠውን ባርቤኪው፣ የከሰል ሥጋ መጥበሻውን፣ መጀመሪያ ሄጄ አየሁት። «ተንቀሳቃሽ» ይላል ካርቶኑ ላይ፣ በትልቁ። ሳቄ መጣ። የእናቴ ማንደጃ ሁለት ጆሮ ነበረው። ጠዋት ደጅ ይያያዛል፣ ጭሱ ሲወጣለት ሳሎን ይገባል፣ ቡና ይፈላበታል፣ ከዚያ ወጥ ይጣድበታል። ቀኑን ሙሉ ሲንቀሳቀስ ነው የሚውለው። እዚህ እግሩ እንዲታጠፍ አድርገው ከመቶ ዶላር በላይ ሲጠይቁበት አየሁ። ትቼው ወጣሁ።

የምሠራበት ኩሽና ውስጥ ምግብ የሚሞቅበት የስቴንለስ ትሪ አለ። አንዱ ጥጉ ተጨራምቶ ሊጣል ሲል ሼፉን ለምኜ ወሰድኩት። ርዝመቱ 32፣ ወርዱ 18፣ ጥልቀቱ 10 ሳንቲ ሜትር። የሞተሬ የጎን ቦርሳ ውስጥ ልክክ ይላል። ከዚያ በፊት ያሰብኩት የቆርቆሮ ባልዲ ነበር። ብረት ሥራ የሚያውቅ ጓደኛዬ ከለከለኝ። ቆርቆሮው እንዳይዝግ የሚለበጠው በዚንክ ነው፣ በኃይል ሲግል የሚወጣው ጢስ ያሳምማል። የአሮጌ ፍሪጅ መደርደሪያን መጥበሻ ላድርገው ብል እሱንም እንቢ አለኝ። አንዳንዱ በካድሚየም የተለበጠ ነው፣ መርዝ ነው።

መበሳቱ አሳር ነበር። ስቴንለስ ችኮላ አይወድም። ትራፓኖውን፣ መሰርሰሪያውን፣ ካበረርከው ብረቱ ይብስ እየጠነከረ ይሄዳል፣ የሚነደው የሚበሳው ጫፍ፣ ፑንታው ነው። ሁለት ፑንታ ካቃጠልኩ በኋላ ገባኝ። ቀስ ብሎ፣ ጠበቅ አድርጎ ተጭኖ፣ ዘይት ጠብ እያደረጉ። በአንዱ ጎን አሥራ ሁለት፣ በሌላው ጎን አሥራ ሁለት ቀዳዳ። በቀዳዳዎቹ ቀጫጭን የስቴንለስ ዘንጎች ይሻገራሉ። መጥበሻው እነሱ ናቸው። ሲበቃ ይመዘዙና ትሪው ውስጥ ይተኛሉ። እግሩ አራት ረጃጅም ቡሎን ነው። በአንዱ ቡሎን ሁለት ዳዶ አሰርኩ፣ ምክንያቱም ሞተር ሲንቀጠቀጥ ያልፈታው ዳዶ የለም።

ይህን ስሠራ የመርካቶው ምናለሽ ተራ ከዓይኔ አልጠፋ አለ። ከአሮጌ በርሜል ማንደጃ የሚቀጠቅጡት ሰዎች፣ እኔ ሁለት ቅዳሜ የፈጀሁበትን ቢያዩ ምን ይሉኝ ነበር? እዚህም እኮ ነገሩ የተጀመረው በእነሱው መንገድ ነው። በፈረንጆች 1952 ቺካጎ አንድ የብረት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠራ ጆርጅ ስቲቨን የሚባል ሰው ነበር። ፋብሪካው ውሃ ላይ ለምልክት የሚንሳፈፍ ትልልቅ የብረት ኳስ ይሠራል። ሰውዬው ኳሱን ለሁለት ከፈለና አንዱን መያዣ፣ አንዱን ክዳን አደረገው። ዛሬ በየጓሮው የሚታየው ክብ የዌበር ግሪል ከዚያ የመጣ ነው። ስሙ ተጻፈለት። የምናለሽ ተራውን ቀጥቃጭ ግን ማንደጃውን እንጂ ስሙን የሚጠይቀው የለም።

ሙከራ አንድ። የአፓርታማዬ በረንዳ ላይ እሳት ክልክል ነው፣ ውሉ ላይ በደማቁ ተጽፏል። ስለዚህ የሕዝብ መናፈሻ ሄድኩ። ከሰሉን አያያዝኩ፣ ፍም ሆነ፣ ሥጋውን ደረደርኩ። አሥር ደቂቃ አልቆየም፣ ፍሙ አመድ ለበሰና ተኛ። በካርቶን አራገብኩ። ክንዴ ዛለ። ሥጋው ከውጪ ጠቁሮ ከውስጥ ጥሬ ሆነ። ጥፋቱን በከሰሉ አሳበብኩ። እዚህ በብዛት የሚሸጠው ተፈጭቶ የተጋገረ፣ የትራስ ቅርጽ ያለው ከሰል ነው። የእኛ የግራር ከሰል ቢሆን ኖሮ፣ አልኩ።

እዚያው መናፈሻ ግራና ቀኜን ሳይ ግሪሉ ላይ የቆመው ሁሉ ወንድ ነው። ሽርጥ አስሮ፣ ረጅም መቆንጠጫ ይዞ። ሴቶቹ ተቀምጠው ያወራሉ። እሳቱን ለመንካት የሚደፍር የለም፣ የአባወራው ነው። የሚገርመኝ ይሄ ነው። እኛ ቤት ወንድ እሳት ዳር ከታየ «ምን ጎደለህ?» ይባላል። ጥብስ ቤት ደሞዝ የሚከፈለው ካልሆነ በቀር። እዚህ ያንኑ ሥራ በሳምንት አንድ ቀን የሚሠራው ወንድ ይጨበጨብለታል። እኔም ተጨብጭቦልኛል፣ አልዋሽም። ፎቶዬን የለጠፍኩ ቀን «ጀግና» ያለኝ ሰው ብዛቱ! እህቴን ለሠላሳ ዓመት ከሰል ስላያያዘች ጀግና ያላት አላውቅም።

ሙከራ ሁለት ተራራ ላይ ሆነ። ሼናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ስካይላይን ድራይቭ የሚባል መንገድ አለ፣ በተራራው ጀርባ ላይ 105 ማይል ይሄዳል። ፍጥነቱ በሰዓት 35 ማይል ብቻ ስለሆነ ለሞተር ገነት ነው። ከሰሜኑ በር ገብቼ ወደ 80 ማይል ግድም ነዳሁና ሎፍት ማውንቴን የሚባለው ካምፕ ደረስኩ። እንጨት ከቤት ይዞ መግባት አይቻልም። ዛፍ የሚጨርስ ነፍሳት አብሮ እንዳይገባ፣ በሙቀት የታከመና ማረጋገጫ ያለው እንጨት ብቻ ነው የሚፈቀደው። ደንቡን ሳነብ የእንጦጦ እናቶች ትዝ አሉኝ። ከራሳቸው የሚበልጥ የባሕር ዛፍ ሸክም ተሸክመው ቁልቁል የሚሮጡት። እኔ ሁለት ኪሎ የማትሞላ ብረት ለመዝናናት ተሸክሜ ሽቅብ ወጣሁ።

ሥጋው አሁንም አስቸገረኝ፣ ግን በላሁት። አዋዜና የተጠበሰ ቃሪያ ብዙ ይሸፍናል። ሲመሽ ብርዱ መጣ፣ ማንደጃው ውስጥ ትንሽ ረመጥ ቀርቷል። ድንኳን ውስጥ ላስገባው? አንድ ደቂቃ አሰብኩበት። የከሰሉ ከረጢት ላይ ማስጠንቀቂያ አለ፣ ቤትም ድንኳንም ውስጥ እንዳታነድ ይላል፣ ከነሥዕሉ። ሽታ የሌለው ጋዝ ነው የሚገድለው። አገር ቤት ከረጢቱ ማዳበሪያ ነው፣ የሚጻፍበት የለም። ክረምት በገባ ቁጥር ከሰል አስገብተው በራቸውን ዘግተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ እንሰማለን። ያደግኩበት ሰፈርም ደርሷል። ረመጡ ላይ ውሃ ደፋሁበት፣ አገላብጬ አሁንም ደፋሁ፣ በእጄ ዳስሼ እስኪቀዘቅዝ። እናቴ ብታይ ትቆጣ ነበር። እሷ ረመጥ አታጠፋም፣ አመድ አልብሳ ታዳፍናለች፣ ለነገ።

ከዚያ የድብ ነገር መጣ። ምግብ የሚሸት ዕቃ ሁሉ ማታ መኪና ውስጥ ይቆለፋል። ሞተር ምን ይቆለፍበታል? ድብ የማይከፍተው የብረት ሳጥን ውስጥ ማንደጃዬን ከነስቡ አስገብቼ ዘጋሁበት።

ጠዋት ሁለቱን መሐል ዘንጎች መዘዝኩና ጀበናዋን አስቀመጥኩ። ቂጧ ክፍተቱ ላይ ቁጭ አለ፣ የተለካ ይመስል። ከሁሉ የተሳካልኝ ይሄ ነው። ቡናው ሲሸት ከጎን ያረፉ አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ መጡ። የእሳቸው ጠረጴዛ፣ ሁለት የጋዝ ምድጃ፣ ክሬም ማስቀመጫ ሳይቀር ያለው ኩሽና ነው። ማንደጃዬን ዞር ዞር ብለው አዩና የት እንደገዛሁት ጠየቁኝ። ራሴ ሠራሁት ስላቸው አላመኑም። አንድ ሲኒ ቀዳሁላቸው። ሁለተኛውን እሺ አሉ። ሦስተኛውን «ለልቤ ይከብዳል» ብለው ተዉት። በረካውን ትተው የሄዱ የመጀመሪያው እንግዳዬ ናቸው፣ አልፈረድኩባቸውም።

ቪዲዮ ቀርጬ ነበር። ተራራው ላይ ኔትወርክ እምብዛም ስለሆነ ቤት ስገባ ለእህቴ ላክሁላት። አድናቆት ጠብቄ ነበር። ደወለች።

«አንተ፣ ይሄ ነገር ቂጡ ላይ ቀዳዳ የለውም እንዴ?»

«ለምን ይሆነዋል? ጎኑ ላይ ሃያ አራት አለው እኮ።»

«ጎኑማ ለዘንግህ ነው። እሳቱ በየት በኩል ይተነፍስ? አመዱስ በየት ይውረድ? እንዲህ አድርገህ ነው ሥጋ የጠበስከው?» ሳቋ አላስጨርሳት አለ።

ዝም አልኩ። ሁለት ቅዳሜ፣ ሁለት ፑንታ፣ ስንት ማይል። የማንደጃ ታች ለምን ክፍት እንደሆነ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ዓይኔ እያየው ያደግሁት ነገር ነው። ግን ጎንበስ ብላ አመዱን የምትጠርገው እሷ ነበረች፣ እኔ ቆሜ ቡናው ደረሰ ወይ እላለሁ።

በማግስቱ ሥሩን በሦስት ረድፍ በሳሁት፣ ቀስ ብዬ፣ በዘይት። መናፈሻው ተመልሼ አያያዝኩ። ማራገቢያ ሳልነካ ፍሙ ቀላ፣ ሥጋው በየራሱ ተንጫጫ። ያው የትራስ ከሰል ነው። ፎቶ አንስቼ ላክሁላትና ደወልኩ። ማንሳቱን አነሳች፣ ግን ታስላለች።

«ምን ሆንሽ?»

«መብራት ጠፍቶ ከሰል እያያያዝኩ ነው። ጭሱ ዓይኔ ውስጥ ገባ። ቆይ መልሼ ልደውልልህ።»