የጥንት አሜሪካውያን ሴቶችን በማን ብዕር እናነባለን?

አሜሪካ ነጻነቷን ባወጀችበት ዘመን ስለኖሩ ሴቶች በተነሳ ቁጥር ቀድሞ የሚጠቀሰው አቢጌል አዳምስ በማርች 1776 (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በኋላ ፕሬዚዳንት ለሆነው ለባሏ ለጆን አዳምስ የጻፈችው፣ አዲሱ ሕግ ሲረቀቅ ሴቶች እንዳይረሱ የጠየቀችበት ደብዳቤ ነው። መጠቀሱ ተገቢ ነው። ነገር ግን አንዲት የታወቀ ሰው ሚስት የሁሉም ወኪል ስትደረግ፣ ሌሎቹ ሴቶች አንዳች ሳይናገሩና ሳይሠሩ ያለፉ ይመስላል። ይህ ደግሞ መዝገቦቹ ከሚመሰክሩት እውነት ጋር አይስማማም።

በዘመኑ ሕግ ያገባች ሴት ሕጋዊ ሰውነት በባሏ ሥር ስለሚጠቃለል፣ በመርሕ ደረጃ በራሷ ስም ንብረት መያዝ፣ ውል መዋዋልም ሆነ መክሰስ አትችልም ነበር። የግብርና የመሬት መዝገቦችን ብቻ የሚያገላብጥ ሰው የሚያገኘው ከሞላ ጎደል የወንዶችን ስም መሆኑ ከዚህ የመጣ ነው። ሆኖም በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ በሜይን፣ በኬንቤክ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሃሎዌል፣ ማርታ ባላርድ የተባለች አዋላጅ ከ1785 ጀምሮ እስከ ሞተችበት እስከ 1812 ድረስ የዕለት ማስታወሻ ጽፋለች። በእነዚህ 27 ዓመታት 816 ወሊዶችን መዝግባለች። የቀዘቀዘውን ወንዝ በሌሊት ተሻግራ የየትኛዋን ወላድ ቤት እንዳንኳኳች፣ ዋጋዋን ማን እንደከፈላት፣ ሴት ልጆቿና በቤቷ የሚሠሩት ወጣት ሴቶች ምን ያህል ፈትለው ምን ያህል እንደሸመኑ፣ ከየትኛዋ ጎረቤት ጋር ምን እንደተለዋወጡ ሁሉ በደብተሩ ውስጥ አለ። የባሎቻቸው የሂሳብ መዝገብ የማያውቀው፣ ሴቶች በሴቶች መካከል ያቆሙት አንድ ሙሉ ኢኮኖሚ እዚያ ላይ ይታያል።

ከደብተሩ ውስጥ እኔ ደጋግሜ የማስበው በኦክቶበር 1791 የተጻፈውን ነው። ሜይን ያኔ የማሳቹሴትስ አካል ነበረች፤ በዚያ ሕግ መሠረት ያላገባች ሴት ምጥ ላይ ሳለች የልጇን አባት እንድትናገር ትጠየቃለች፣ ቃሏም በፍርድ ቤት ማስረጃ ይሆናል። ሳሊ ፒርስ የተባለች ወጣት በምጥ ላይ ሆና ስትጠየቅ የጠራችው ስም የአዋላጇን የገዛ ልጅ፣ የጆናታን ባላርድን ነበር። ማርታ ባላርድ የሰማችውን ሳትሸሽግ መዘገበች፤ ወጣቶቹም ከጥቂት ወራት በኋላ ተጋቡ። ድምፅ መስጠት የማይፈቀድላት፣ በሕግ ዘንድ የባሏ ጥላ የሆነች ሴት፣ እውነት የምታረጋግጥ ባለሙያ ሆና በልጇ ላይ እንኳ ሳታዳላ ትመሰክር ነበር። ይህን የመሰለ ኃላፊነት የትኛውም የከተማ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ሊያሳየን አይችልም።

ይህን ደብተር በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያየ የአካባቢው ታሪክ ጸሐፊ አብዛኛው ለአጠቃላይ አንባቢ የማይጠቅም እንደሆነ ቆጥሮ አለፈው። ያተረፈው ቤተሰቧ ነው፤ ሐኪም የነበረችው የልጅ ልጅ ልጇ ልጅ ሜሪ ሆባርት በ1930 ለሜይን ግዛት ቤተ መጻሕፍት አስረከበችው። የታሪክ ምሁሯ ሎረል ታቸር ኡልሪክ በ1990 ያሳተሙትና በቀጣዩ ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት ያገኘው ጥናታቸው ደግሞ የሚደጋገመው የወሊድ፣ የሽመናና የዕዳ ዝርዝር ራሱ ዋናው ታሪክ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ሴቶች ከታሪክ መጻሕፍት ለመቅረታቸው የሚሰጠውን «ስለ ሴቶች የተጻፈ ነገር ስለሌለ ነው» የሚለውን ምክንያት አልቀበልም። የተጻፈው ነበረ፤ ያጣው አንባቢ ነው።

በባርነት ለተያዙ ሴቶች ግን ጉዳዩ ከዚህ እጅግ ይከብዳል፤ ስለ እነርሱ የጻፉት በአመዛኙ ጌቶቻቸው ናቸውና። በሟች ንብረት ቆጠራ ላይ ከከብትና ከዕቃ ጋር ዋጋ ወጥቶላቸው እናገኛቸዋለን። በሜይ 1796 ከፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን የፊላደልፊያ ቤት ያመለጠችውን ኦና ጀጅን ለመያዝ የወጣው የጋዜጣ ማስታወቂያ መልኳንና ብዙ ልብስ ያላት መሆኗን ዘርዝሮ፣ ለመሄድ የሚያነሳሳ ምንም በደል እንዳልደረሰባት ይናገራል። ዕድል ሆኖ ኦና ራሷ በ1840ዎቹ ለፀረ ባርነት ጋዜጦች ቃሏን ሰጥታለች። ቤተሰቡ ወደ ቨርጂኒያ ለመሄድ ዕቃ ሲያዘጋጅ እርሷ ደግሞ ለማምለጥ ትዘጋጅ እንደነበር፣ ከቤቱም የወጣችው እነርሱ ራት ላይ ሳሉ እንደሆነ፣ ወደ ቨርጂኒያ ከተመለሰች ነጻነቷን ፈጽሞ እንደማታገኝ ታውቅ እንደነበር ተናግራለች። ከዚያ በኋላ ከቀድሞው የከፋ ድካም ገጥሟት ሳለ፣ በመሄዷ ትጸጸት እንደሆነ ስትጠየቅ አልጸጸትም፣ ነጻ ነኝ ብላ መልሳለች።

ማስታወቂያው ብቻውን ቢቀርልን ኖሮ ያለ ምክንያት የጠፋች አገልጋይ ትሆንብን ነበር። ስለዚህ በሙዚየምም ሆነ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ይህ ማስታወቂያ በሚታይበት ሁሉ ቃሏ ከጎኑ ሊታተም ይገባል። የራሳቸውን ቃል ትተው ለማለፍ ዕድል ያላገኙት ሴቶች በ1790 በተካሄደው የመጀመሪያ ሕዝብ ቆጠራ ላይ ስም አልባ አኃዝ ሆነው ይገኛሉ፤ በዚያ ቆጠራ በስም የተጻፈው የቤተሰቡ ኃላፊ ብቻ ነበርና። የእነርሱን አኃዝ የሚያቀርብ ሁሉ፣ ቆጣሪው ማን እንደነበርና ስማቸውን ለምን እንዳልጻፈው አብሮ የመናገር ግዴታ አለበት።