አቧራ ላልነካቸው የታሪክ ጸሐፊዎቻችን

በዚህ አገር ብዙ ሰው ይሸለማል። ሯጭ ይሸለማል፣ ዘፋኝ ይሸለማል፣ ግብሩን በወቅቱ የከፈለ ነጋዴም የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። የአንድም ቤተ መዛግብት በር ሳያንኳኩ ስድስት መቶ ገጽ የታሪክ መጽሐፍ ላሳተሙ ደራሲያን ግን እስከ ዛሬ አንዲት ሜዳሊያ እንኳ አልተበረከተችላቸውም። ግፍ ነው። ሌላው ዝም ቢል እኔ ዝም አልልም።

በቅድሚያ ድፍረታቸው ይመስገን። ከመቶ ዓመት በፊት ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ እውነተኛ ታሪክ መጻፍ ቀላል ነገር እንዳልሆነ፣ ሦስት የእግዚአብሔር ስጦታዎችም እንደሚያስፈልጉት ጽፈው ነበር፤ የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፣ በተደረገው ላይ ሳያደላ የሚፈርድ አእምሮ፣ ያስተዋሉትንና የፈረዱትን የሚያስታውቁበት የጠራ ቋንቋ። ምስኪን ነጋድራስ! ሦስቱም በእጅ ስልክ የሚገኙበት ዘመን እንደሚመጣ በምን ያውቁ ነበር? ደራሲያችን ማስተዋሉን ከፌስቡክ ይወስዳሉ፤ ቋንቋውን ከሌላ ሰው መጽሐፍ ይዋሳሉ፤ ፍርዱ ደግሞ ገና መጽሐፉ ሳይታሰብ የተሰጠ ስለሆነ አእምሮን አያደክምም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ሊብራራ ይገባዋል። የድሮ ሰዎች ጥያቄ ይዘው ወደ ሰነድ ይሄዱ ነበር። ስለዚህም የሚያሳዝን ኑሮ ኖሩ። መጀመሪያ ከመሥሪያ ቤት የትብብር ደብዳቤ ማጻፍ አለ። ደብዳቤው ማኅተሙ ደብዝዟል ተብሎ ይመለሳል። ከዚያ ቦርሳ በር ላይ ይቀራል፣ እስክሪብቶ ይከለከላል፣ በእርሳስ ብቻ ይጻፋል። የማውጫው ካርድ አቃፊው አለ ይላል፣ መደርደሪያው የለም ይላል። የማይክሮፊልሙ ማንበቢያ ሲሠራ መብራት ይጠፋል፤ መብራቱ ሲመጣ የምሳ ሰዓት ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ የከፋው ግን አቃፊው የተገኘ ዕለት ነው። ምዕራፍ አራት ላይ ለጠላት ፊታቸውን አላሳዩም የተባሉት ጀግና በገዛ ማኅተማቸው ደመወዝ ይጨመርልኝ ብለው ለጠላት ሹም ያመለከቱበት ወረቀት ከአቃፊው መካከል ብቅ ይላል። አሁን ምን ይደረጋል? ምዕራፉ ሊቀደድ ነው? ደራሲያችን ይህን አደጋ ከሩቁ አውቀው መራቃቸው ፈሪ አያሰኛቸውም። ወረቀትን ያህል አፈ ክፉ ነገር የለምና ጠንቃቃ ሰው ይሸሸዋል።

እስቲ ዐፄ ቴዎድሮስን እንውሰድ። ስለ እሳቸው መጽሐፍ የማይጽፍ ደራሲ የለምና። በአሮጌው መንገድ ልሂድ ያለ ሰው የደብተራ ዘነብን ዜና መዋዕል ማንበብ ግድ ይሆንበታል፤ ጀርመናዊው ኤንኖ ሊትማን በ1902 እ.ኤ.አ. ያሳተሙትን። ቀጥሎ ፓሪስ የታተመውን የአለቃ ወልደ ማርያምን ይጨምራል። ችግሩ እዚህ ላይ ይጀምራል፤ ዘነብ ንጉሡን ያደንቃሉ፣ ወልደ ማርያም ጭካኔውንም አይሸሽጉም። አንዱን ንጉሥ ሁለት ልብ ያዩታል። ይህ አልበቃ ብሎ ንጉሡ ያሰሯቸው የእንግሊዝ መልእክተኞች ሆርሙዝድ ራሳምና ዶክተር ሄንሪ ብላንክ ከተፈቱ በኋላ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን መጽሐፍ ጽፈዋል፤ ጋፋት ላይ መድፍ ሲሠሩ ከነበሩት ሚሲዮናውያን አንዱ ቫልድማየርም እንዲሁ። በ1855 ዓ.ም. ለንግሥት ቪክቶሪያ የተላከው ደብዳቤ፣ መልስ ሳያገኝ የቀረበት ምክንያትም፣ በእንግሊዝ መንግሥት መዛግብት ውስጥ ይፈለጋል። ንጉሡ መቅደላ ላይ ያከማቿቸው ብራናዎችስ? መቅደላን ከወጋው የእንግሊዝ ጦር ጋር የመጣው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆልምስ የመረጣቸው ከሦስት መቶ በላይ መጻሕፍት ለንደን ናቸው። ይህን ሁሉ ያየ ሰው ሲጽፍ “ምናልባት” ይላል፣ “በአንድ በኩል” ይላል፣ አንባቢውን ያሰለቻል።

የእኛ ደራሲ ግን በቀጥታ ወደ መኝታ ቤት ይገባሉ። ንጉሡ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በፋሲካ ማግስት ሽጉጣቸውን ከመጠጣታቸው በፊት በነበረችው ሌሊት እቴጌ ጥሩወርቅ በጆሯቸው ያንሾካሾኩላቸውን ቃል፣ ንጉሡ የመለሱላቸውን መልስ፣ በመካከሉ የነበረውን ዝምታ ሳይቀር በትእምርተ ጥቅስ ያቀርቡልናል። ዘነብ በዚያ ክፍል አልነበሩም፤ ራሳምም አልነበረም፤ ደራሲያችን ግን ነበሩ። ሽፋኑ ላይ ደግሞ የንጉሡ ፎቶግራፍ አለ። የጄኔራል ናፒየር ጦር ፎቶግራፍ አንሺዎች ይዞ መጥቶ እንኳ ንጉሡን በሕይወት ማንሣት አልሆነለትም። እኛ የት እንደተነሣ የማይታወቅ አንድ ሹሩባ የተሠራ ሰው አግኝተን፣ ቡናማ ቀለም አልብሰን፣ “ብርቅዬ ፎቶ” ብለን ጽፈንበታል። ሰውየው ማን ይሁን? የልጅ ልጆቹ ካሉ ይቅር ይበሉን፤ አያታቸውን ሳይጠይቁን አንግሠንባቸዋል።

በዘመን አቆጣጠርም ረገድ የተገኘው ነጻነት ሊደነቅ ይገባዋል። በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. መሆኑን ሕፃን ያውቀዋል። ከእንግሊዝኛ ሲገለበጥ ግን ዓመቱ 1937 ይሆናል፤ ደራሲያችን ከኋላው “ዓ.ም.” ይጨምሩበትና ወደ ሌላው አንቀጽ ያልፋሉ። በዚህ ስሌት ማርሻሉ ጣሊያን አገሩን ለቅቆ ከወጣ ከአራት ዓመት በኋላ ለድሆች ምጽዋት ለመስጠት አዲስ አበባ ተመልሶ መጥቷል። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶምም ቦምባቸውን እንደያዙ ስምንት ዓመት ቆመው ጠብቀውታል። የአርበኝነት ትዕግሥት ማለት ይህ ነው! ነገሩ የተፈጸመበት የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ ዛሬ የስድስት ኪሎው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ነው፤ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋምም ከነመጻሕፍቱ እዚያው ይገኛል። ዓመቱን የሚያርመው መጽሐፍ ቦምቡ በፈነዳበት ግቢ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል ማለት ነው። ቢሆንም ከአራት ኪሎ ወደዚያ ያለችው አቀበት ታደክማለች።

ስለ ዓድዋማ ባይነሣ ይሻላል። የካቲት 23 ቀን 1888 በፈረንጅ አቆጣጠር ማርች 1 ቀን 1896 ነበር፤ ዛሬ በዓሉ የሚውለው ማርች 2 ነው። በፈረንጆቹ 1900 ፌብሩዋሪ 29ኛ ቀን ስላልነበራት አንድ ቀን ተንሸራተተ። ይህን ሊያጣራ የተቀመጠ ሰው ግማሽ ቀን ያጠፋል፤ ደራሲያችን በግማሽ ቀን አንድ ምዕራፍ ይጨርሳሉ።

አሁን ወደ ግርጌ ማስታወሻው እንምጣ፤ ጥበቡ ያለው እዚህ ነው። የመጽሐፉ መጨረሻ ላይ በስምንት ገጽ የተዘረጋ የዋቢ ዝርዝር አለ፤ ጣሊያንኛው፣ ፈረንሳይኛው፣ ግእዙ ሳይቀር። ደራሲያችን ከእነዚህ ቋንቋዎች አንዱንም ላለመማር የጸኑ ሰው መሆናቸውን ስናስብ ድካማቸው ይበልጥ ይገባናል። ዝርዝሩ እንዲሁ የመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ከአንድ ዶክተር መጽሐፍ ኋላ ከነፊደል ግድፈቱ በአክብሮት የተነሣ ነው። ዶክተሩ በ1960ዎቹ ሮም ድረስ ሄደው ያነበቡት ደብዳቤ ገጹን ሲስቱት ደራሲያችንም አብረው ይስታሉ። ታማኝነት ይህን ያህል ነው። አንድ ቦታ ላይማ ዶክተሩ “የደብዳቤው ግልባጭ በእጄ ይገኛል” ብለው የጻፉት ማስታወሻ ሳይነካ ወደ ደራሲያችን መጽሐፍ ተሻግሯል። በማን እጅ? ዶክተሩ አርፈዋል። እንግዲህ ግልባጩ በሙት መንፈስ በኩል ተላልፎ ይሆናል።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምወደው ግን “ስሙን ለመጥቀስ በማልችለው አንድ ጥንታዊ ገዳም ያየሁት ብራና” የሚለውን ነው። ላም አለኝ በሰማይ ይሏል ይህ ነው። ብራናው የሰው ልጅን አመጣጥ፣ የአውሮፕላንን አሠራርና የደራሲያችንን የአባት ወገን የዘር ሐረግ አንድ ላይ ይዟል። ማንም ሌላ ሰው አላየውም፤ አያይምም፤ ክብሩም እሱ ላይ ነው። የሚታዩት ብራናዎች እኮ ምን ያደርጋሉ? በጎንደር ዘመን በወንጌል ባዶ ገጾች ላይ ማን ለማን ርስትና ጉልት እንደሰጠ፣ ምስክሩ እነማን እንደነበሩ፣ ቃሉን ያፈረሰ ምን ዓይነት ውግዘት እንደሚደርስበት ተጽፎ ይገኛል። መሬት፣ ምስክር፣ ሹመት፣ ግብር! አውሮፕላን የለበትም። ማን ይገዛዋል?

ደግሞ የሚታዩትን ለማየት ሰበብ የጠፋበት ዘመን ላይ መድረሳችን ደራሲያችንን እንዳያስጨንቃቸው እሰጋለሁ። ከ1965 ዓ.ም. ግድም ጀምሮ በየገዳሙና በየአድባራቱ ያሉ ብራናዎች በማይክሮፊልም ተነሥተዋል፤ 9,000 ያህል ናቸው። ቅጂያቸው ከተቀመጠበት ከአሜሪካዋ ሚኔሶታ ብዙዎቹ ዛሬ በኮምፒውተር ያለ ክፍያ ይነበባሉ። ዋሽንግተን ያለም ደብረ ማርቆስ ያለም ሰው ካልጋው ሳይነሣ ሊያያቸው ይችላል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በጥይት ተመትተው እግራቸው ከከዳቸው በኋላ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው አሥርት ዓመታት ሙሉ እነዚህን ብራናዎች አንድ በአንድ ሲያነቡና ሲመዘግቡ ኖረዋል። ሁለት ጤነኛ እግር ይዘው ስድስት ኪሎ ያልወጡት ደራሲያችን በዚህ ሊያፍሩ አይገባም። እንዲያውም ለቅርስ ጥበቃ ያደረጉት አስተዋጽኦ ይታሰብ። ብራና በእጅ ላብ ይጎዳል ይባላል፤ እሳቸው ባለመንካት ጠብቀውታል። የ1917 ዓ.ም. የብርሃንና ሰላም ጋዜጣ ወረቀቱ ተሰባሪ ነው፤ እሳቸው አንድም ገጽ አልገለጡበትም። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞችን አላስነሡም፣ መሰላል አላስወጡም፣ አላስነጠሱም።

ውለታቸው የሚከፈላቸው በምረቃው ዕለት ነው። ምረቃው የት እንደሚደረግ ታውቁ ይሆናል፤ በወመዘክር አዳራሽ። በ1936 ዓ.ም. ለሕዝብ የተከፈተው የአገሪቱ ቤተ መጻሕፍትና መዘክር ደራሲያችንን በዚህ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተናግዳቸዋል። በነጭ ልብስ አጊጠው፣ በእልልታ ታጅበው ይገባሉ። መጸዳጃ ቤቱ ወዴት እንደሆነ ዘበኛውን ይጠይቃሉ፤ የንባብ ክፍሉ ወዴት እንደሆነ አይጠይቁም፤ ሥራቸውን ጨርሰው መጥተዋልና። ሳይገለጡ የቀሩት አቃፊዎች በዚያው ቅጥር ውስጥ ጭብጨባውን ይሰማሉ። መድረክ ላይ የሚወጡት ሦስት ገምጋሚዎች መጽሐፉ “ትልቅ ክፍተት የሚሞላ” እንደሆነ ይመሰክራሉ። ሁለቱ መግቢያውን አንብበዋል፤ ሦስተኛው የሽፋኑን ጀርባ። አንድ አርቲስት ከመጽሐፉ ቅንጭብ ያነባል፤ የሚመረጠውም ያው የመኝታ ቤቱ ሹክሹክታ ነው። ሴቶች ያለቅሳሉ። እኔም አንድ ጊዜ እንባዬ መጥቶ ነበር፣ ትረካው ያምራላ።

ከዚያ ጥያቄና አስተያየት ይከፈታል። አስተያየቱ ብዙ ነው፤ ሁሉም “በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለዎት” ብሎ ይጀምርና ስለ ራሱ አያት ይጨርሳል። ከኋላ ወንበር አንድ ጡረታ የወጡ መዝገብ ቤት ሠራተኛ እጃቸውን ያነሣሉ፤ በገጽ 214 የተጠቀሰው ደብዳቤ የሚገኝበትን የአቃፊ ቁጥር እንዲነግሯቸው ደራሲውን በትሕትና ይጠይቃሉ። አዳራሹ ዞሮ ያያቸዋል። የመድረክ መሪው ሰዓት መጣበቡን፣ ለጥያቄው በሻይ ሰዓት መልስ እንደሚሰጥ ያስታውቃል። በሻይ ሰዓት ደራሲያችን ይፈርማሉ። ሰልፉ እስከ ደረጃው ድረስ ነው። መዝገብ ቤቱ ሰውዬም አንድ ቅጂ ገዝተው ሰልፍ ይዘዋል፤ ተራቸው ሲደርስ “ለእውነት ወዳጅ” ተብሎ ይፈረምላቸዋል።

ሁለተኛው ቅጽ ለፋሲካ ይደርሳል ተብሏል። አስቀድሞ ለከፈለ ቅናሽ አለው።